ግማሹ የጠፋ እሺ

እናቷ ግራ እጇን ወደ ላይ እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። አፏ ገርበብ ብሏል፤ ዓይኖቿ ወደ ጎን ያያሉ፣ ምናልባት ወደ ሐኪሙ፣ ምናልባት ወደ በሩ። ከዚያ ምስሉ ተንገጫገጨና ዘለለ፤ እጁ ወርዶ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ታየ። መሀል ላይ የነበረውን የኢንተርኔት መስመሩ በላው።

«ምን አለች?» አለ ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ውስጥ። ድምፁ አጠገቧ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ድምፅ ለመስመሩ ቀላል ሸክም ነው። ችግሩ እናታቸው በድምፅ አትናገርም።

እናታቸው መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ናት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። የምልክት ቋንቋዋን ግማሹን እንደሷው መስማት ከተሳናቸው ጓደኞቿ ለቅማ ያመጣችው፣ ግማሹን ደግሞ ከሴት ልጇ ጋር ጨርቅ በተከመረበት ክፍል ውስጥ የፈጠረችው ነው። ስለዚህ የሆዷን ዘርግፋ ብትናገር አሳምሮ የሚገባው ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ይህችው ልጇ። ልጅቱ ቁመቷ ለሱቅ ባንኮኒ ሳይደርስ ጀምራ ለእናቷ ጆሮም ምላስም ሆና ኖራለች። አሁን የቤት ንድፍ የምታወጣ ባለሙያ ናት፤ ከእናቷ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ፎቅ ላይ በተከራየችው ቤት እየሠራች ትኖራለች። ጎረቤቶቿ «ንድፍ ሠሪዋ» ይሏታል።

ወንድሟ ጩጬ ይባላል። ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ የመጨረሻ ልጅ ነውና ጩጬ እንደተባለ ቀርቷል። በልጅነቱ አጎታቸው ዘንድ ተልኮ ስላደገ የእናቱን ቋንቋ የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው፦ ብላ፣ ተኛ፣ ና፣ ሂድ፣ አመመኝ። ዛሬ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በጣም የራቀ ነበር።

የስፌት መኪና መርፌ የእናታቸውን ቀኝ አመልካች ጣት ወግቶት ኖሯል። እሷም ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላበት ሥራዋን ቀጠለች። ጣቱ አበጠ፣ መረቀዘ፣ ጠቆረ። ለልጆቿ ትንፍሽ ሳትል ከርማ፣ ትኩሳቱ ሲጥላት ጎረቤት ነው ደግፎ ሆስፒታል ያደረሳት። ቀዶ ሐኪሙ አይቶ፣ ጣቱ ሞቷል፣ ዛሬ ሳይመሽ ካልተቆረጠ ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍም ወደ ክንድ ይወጣል አለ። ጩጬ ይህን ሊያስረዳት ሞከረ። የሚያውቀውን ምልክት ሁሉ አምታትቶ ምን እንዳላት እንጃ፣ እናቱ አይታው እንደማታውቅ ሰው ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የታመመ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ የቀረባትን ነርስ ሁሉ በእግሯ ትራገጥ ጀመር።

ንድፍ ሠሪዋ ተነስታ እንዳትሄድ ከትናንት ጀምሮ የወረደው ዝናብ ድልድዩን አስጥሞታል፤ አውቶቡስ የለም። ዝናቡ የሰፈሩን የኢንተርኔት መስመርም ጎድቶት፣ የሚመጣው እንደ ተሰበረ ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ነው።

«እቴ፣ ምን አለች ነው የምልሽ?»

ያየችውን በልቧ ደገመችው። ሁለት የግራ እጅ ጣቶች እንደ መቀስ ተከፍተው ገጠሙ፤ መቁረጥ ማለት ነው። አገጯ ዝቅ አለ። ከዚያ መድረቅ፣ መንገጫገጭ፣ ጭን ላይ ያረፈ እጅ።

«ይቁረጡ... እሺ...» አለች፣ ለራሷ እንደማሰብ።

«እሺ አለች?» የቀዶ ሐኪሙ ድምፅ ነበር። «ጥሩ። እንሂድ።» ነርሷ የአልጋውን ፍሬን ስትለቅ ጠቅ ሲል ተሰማ።

«ቆይ! ዶክተር፣ ይቆዩ! አላልኩም! ገና ምንም አላልኩም!»

 በእናቷ ቋንቋ «ይቁረጡ» እና «አይቁረጡ» የሚለያዩት መጨረሻ ላይ መዳፍን ገልበጥ በማድረግ ብቻ ነው። ያቺ ገልበጥ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አትቆይም። ምስሉ ደርቆ ሲዘል መዳፉ ተገልብጦ ይሁን አይሁን እሷ አላየችም። በግምት እናቷን ለቢላ ልትሰጥ ለጥቂት ነው የተረፈችው።

«ያለችውን ሙሉውን አላየሁም» አለች። «ምስሉ ተቆርጦብኛል። ያላየሁትን አይቻለሁ አልልም።»

ቀዶ ሐኪሙ ወደ ካሜራው ጎንበስ አለ። ቁጡ ሰው አይመስልም፤ የደከመ ሰው ነው። «ስሚኝ እህቴ። ከእሷ ቀጥሎ ያለውን በሽተኛ ላስቀድም። እሱን ጨርሼ እስክመለስ ነው ያለሽ። ከዚያ ወዲያ ጣት መሆኑ ቀርቶ መዳፍ ነው የምንነጋገረው። አስሬ አልቆርጣትም። ግን ስትሞትም ቆሜ አላይም።»

«መስመሩን አስተካክላለሁ።»

«በምን?»

ስልኳን አንስታ ቢሮ ደወለች።

የቢሮዋን ኔትወርክ የሚጠብቀው ሰው ሽቦ ይባላል፤ ቅጥነቱና ሥራው ተባብረው ያወጡለት ስም ነው። ስልኩን ከማንሳቱ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችለት።

«ያንቺ መስመር ብቻውን አይችለውም» አለ። «ሌላ ጨምሪበት። የጎረቤት ዋይፋይ ይሁን፣ የስልክ ዳታ ይሁን፣ ያገኘሽውን። ኮምፒውተርሽ አብሮት የተሠራ አንድ የዋይፋይ መቀበያ አለው። ከውጭ የሚሰካ ሁለተኛ አለሽ?»

መሳቢያዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የሞተ ባትሪ፣ ክንዱ የተሰበረ መነጽር፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ። ከሁሉ ሥር፣ ከድሮ ኮምፒውተሯ የተረፈች፣ አውራ ጣት የማታህል መቀበያ ተገኘች።

«አለችኝ!»

«በቃ። አንዱ መቀበያ ያንቺን መስመር ይይዛል፣ ሌላው የጎረቤትሽን። ሁለቱን እናስራቸዋለን። ድር ቢያብር...»

«ተረትህን ተወኝና ቀጥሎ የማደርገውን ንገረኝ!»

«ጎረቤት ፈልጊ።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነበር። በአካባቢው ከሚታዩት መስመሮች ከራሷ ቀጥሎ ጎላ ብሎ የወጣው ከሥሯ ያሉት የጋሽ ክላክስ ነው። ጋሽ ክላክስ ዕድሜ ልካቸውን ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከእሷ ጋር ከተኮራረፉ ቆይተዋል። ጠቡን ያመጡት አበባዎቿ ናቸው። በረንዳ ላይ የደረደረቻቸውን ስታጠጣ ጭቃው እየተንጠባጠበ ታች የቆመችውን የሽማግሌውን መኪና ያቀልማታል፤ እሳቸውም ወርደው ክላክሱን ተጭነው ሰፈሩን ያደነቁሩታል። አንድ ቀን በረንዳና አስፋልት ላይ ሆነው ተዘላለፉ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ሲገጣጠሙ አንዱ ግድግዳ ያያል፣ አንዱ ጣሪያ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዓይኗን በጨው አጥባ ወርዳ አንኳኳች።

በሩ ሰንሰለቱ በፈቀደው ልክ ተከፈተ። ከውስጥ የኳስ ጨዋታ ጩኸት ይሰማል።

«ደግሞ አሁን ምን አፈሰስሽብኝ?»

«ጋሼ፣ እናቴን...» አለች። የቀረውን እየተንተባተበች ተናገረችው። ጋሽ ክላክስ ግማሹ አልገባቸውም፤ «እናቴ» እና «ሊቆርጧት» የሚሉትን ግን ሰምተዋል። ሰንሰለቱን ፈቱት።

«የኔን ኢንተርኔት ነው የምትፈልጊው?»

«እባክዎ። ፓስወርዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። «መንገሩስ... እኔው መጥቼ ብጽፈው ይሻላል። ረጅም ነው።»

«እጽፈዋለሁ ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም!»

«እኔ እጽፈዋለሁ አልኩሽ!» ብለው በቤት ጫማቸው ደረጃውን ቀድመዋት ወጡ።

ኮምፒውተሯ ላይ አጎንብሰው፣ በአንድ መዳፋቸው ስክሪኑን እየከለሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት። ተሳሳቱ። ደግመው ለቀሙ። አሁንም ተሳሳቱ። እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ ንድፍ ሠሪዋ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ በፈጠረዎ!»

ጋሽ ክላክስ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ላይኛዋ ነገረኛ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሳይለያይ። በእንግሊዝኛ ፊደል።»

 ንድፍ ሠሪዋን ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቅ ይልቅ ለለቅሶ የቀረበ ሳቅ።

«የእህቴ ልጅ ናት ያወጣችው» አሉ ሽማግሌው። «ያኔ ተናድጄም ነበር።»

እሷ ስትጽፈው ወዲያው ገባ። ሁለቱም መስመሮች መያዛቸውን አየች፤ ወደ ምስሉ ተመለሰች። እናቷ እንደ ቅድሙ ደረቀች፣ ዘለለች፣ ደረቀች።

«ያው ነው!» አለች ለሽቦ። «ሁለቱም አሉ፣ ምስሉ ግን ያው ነው!»

«አዎ... ቸኩዬ ነው» አለ ሽቦ። «ኮምፒውተርሽ ሁለት መንገድ ቢኖረውም አንዱን ጥሪ የሚልከው በአንዱ ብቻ ነው። ጥሪውን ሰነጣጥቆ በሁለቱም የሚያስኬድ ፕሮግራም ይፈልጋል። ማዶ ደግሞ ስንጣቂውን ተቀብሎ የሚገጣጥም ሌላ ኮምፒውተር። የመስክ ልጆች ትልልቅ ንድፍ የሚልኩበት ቢሮ ውስጥ አለ። ፕሮግራሙን ልኬልሻለሁ፣ ክፈቺው።»

ጋሽ ክላክስ አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው ያዳምጡ ነበር። «ገባኝ» አሉ። «የአንድ ቤት ዕቃ በሁለት መኪና እንደመጫን ነው። የአልጋው እግር በአንዱ፣ ራስጌው በሌላው። ማራገፊያው ላይ የሚያውቅ ሰው ካልቆመ ማን ይገጥመዋል?»

«በትክክል አባቴ!» አለ ሽቦ።

ፕሮግራሙ ግን ራሱ በዚያው በተንጠባጠበ መስመር ነው የሚመጣው። ንድፍ ሠሪዋ ፕሮግራሙ ምን ያህል እንደወረደ የምታሳየዋን አረንጓዴ መስመር ትክ ብላ አየቻት። ትሳባለች፣ ትቆማለች፣ ትሳባለች። ምንም ማድረግ ስላልቻለች ጥፍሯን ትበላለች። በመሀል ጩጬ «እቴ፣ አንድ አልጋ እየገፉ አሳለፉ። ከፊቷ ያለው ሰውዬ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

«ወጣ?»

«አይ፣ ገባ። ገባ መሰለኝ። እኔ እንጃ።»

«አጣርተህ ንገረኝ እንጂ፣ ምን ገደል ትሰደኛለህ!»

ጮኸችበት፤ ወዲያው ቆጫት። እሱም እዚያ ብቻውን ነው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ሽቦ ከቢሮ ሆኖ አገናኘው። ምስሉ ድንገት ጠራ፤ የእናቷ ግንባር ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ታየ። እናቷም አየቻት። ቀና ብላ ግራ እጇን አነሳች፣ «ልጄ» አለች፣ «እጄ...» ምስሉ ተሰባበረ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ደረቀ።

«አይ! አይ! አይ!»

«ሁለተኛው መስመር ይወድቃል ይነሳል» አለ ሽቦ። «የጎረቤትሽ ነው። እዚያ ላይ ሌላ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ» አሉ ጋሽ ክላክስ፤ ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። «ኳሱ! እሱም በኢንተርኔት ነው የሚመጣው!» ብለው ደረጃውን እየዘለሉ ወርደው ቴሌቪዥናቸውን አጥፍተው እያለከለኩ ተመለሱ። ትንሽ ለውጥ መጣ፤ ብዙ አይደለም። ሽቦ ከመስመሩ ጋር የተያያዙትን ዕቃዎች የሚያሳየውን ገጽ እንድትከፍት አደረጋት።

«ማባዣ የምትል አለች» አለችው።

«መስመር ተቀብላ ለሌላ ቤት የምታድል ዕቃ ናት። የእርስዎ ናት አባቴ?»

«ምን ማባዣ? እኔ ምኑን አባዛለሁ?»

 ከጣሪያው በላይ የፊልም ተኩስ ይሰማል፤ ልጆች ይስቃሉ። ከላያቸው አንዲት የጥርስ ሐኪም ከባሏና ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ጋሽ ክላክስ ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ወጡ። ጭቅጭቁ በደረጃው ተንከባሎ ወረደ፤ ተኩሱ ተቋረጠ፤ አንድ ልጅ አለቀሰ። ሲመለሱ የጥርስ ሐኪሟ ሳሙናው ያልተለቃለቀ እጇን ይዛ ከኋላቸው ነበረች።

«የኛ መስመር ከተቋረጠ ቆይቷል» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ባለቤቴ ጋሽ ክላክስን አስፈቅጃለሁ ብሎኝ ነበር።»

«እኔን? እኔን? ግንቡን ይሆናል ያስፈቀደው!»

«ለነገ ይደር!» አለች ንድፍ ሠሪዋ። «ጋሼ፣ እለምንዎታለሁ፣ ነገ በደንብ ትጣላላችሁ!»

የጥርስ ሐኪሟ ስክሪኑ ላይ የደረቀውን ምስል አየች፦ ፋሻው፣ ከፋሻው በላይ እስከ ክንዱ የወጣው ቅላት። ሐፍረቷ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ይሄ የሚያቆይ አይደለም» አለች። «ማባዣዋን ነቅያታለሁ። ሌላ ደግሞ፣ ስልኬ የሌላ ኩባንያ ነው፤ ዳታ አለው። እሱንም ጨምሪው።»

ስልኩ በገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰካ። ሦስተኛ መስመር ሆነ። ቤት ውስጥ ግን ሞገዱን አያገኝም፤ የሚያገኘው ከመስኮቱ ወጣ ሲል ብቻ ነው። ጠረጴዛውን እየጎተቱ መስኮቱ ሥር አስጠጉት። ጋሽ ክላክስ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ወገባቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው፣ ክንዳቸውን ዝናቡ ላይ ዘረጉት።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» አለች የጥርስ ሐኪሟ። «እዚያው! እንዳይነቃነቁ!»

«ዕድሜዬን መሪ ይዤ ኖሬ ስልክ ያቅተኛል?»

ምስሉ ጠራ። አልተሰበረም። ትንሽ ቆዩ፤ አሁንም አልተሰበረም።

«እቴ» አለ ጩጬ፣ «ሐኪሙ መጣ። እጁን እየታጠበ ነው።»

እናቲቱ ልጇን አየች። እጇ ተነሳ። ሁልጊዜ በሁለት እጇ እየጠቀለለች የምትናገረውን አሁን በአንዱ፣ ያውም በግራው፣ እንደ ሕፃን ስለምትናገረው ንድፍ ሠሪዋ ዓይኗን ሳትነቅል አነበበቻት።

«ከስተሻል» አለች እናቷ መጀመሪያ።

«አልከሳሁም። ቅድም ምን አልሽኝ? ድገሚልኝ።»

ሁለት ጣቶች እንደ መቀስ ተከፍተው ገጠሙ። አገጯ ዝቅ አለ። መዳፏም ተገለበጠ፣ በኃይል፣ ጠረጴዛ እንደመምታት። አይቁረጡ።

 ንድፍ ሠሪዋ ቅድም ያን አልጋ ባታስቆመው ኖሮ...

«ለምን?» አለቻት።

«እጄን ነው የሚወስዱት። መርፌውስ ይቅርብኝ። ሰው ሁሉ ዲዳ ሲለኝ ኖሯል፤ ዲዳ አልነበርኩም። ዲዳ የምሆነው ዛሬ ነው።»

«እጅሽን ማን አለሽ? አንድ ጣት ነው።»

እናቷ በአገጯ ወደ ጩጬ ጠቆመች፤ ግራ እጇን የቀኙ ክርን ላይ አሳርፋ እንደ መጋዝ ሳበችው። «እሱ እስከዚህ አለኝ።»

«ምን አለችሽ?» አለ ጩጬ።

«እስከ ክርኗ ይቆረጣል ብለሃታል።»

ጩጬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ኧረ እኔ አፈር ልብላ» አለ።

እናቲቱ ልጇንም አላመነቻትም። ሐኪሙ ራሱ ያሳየኝ አለች። ቀዶ ሐኪሙ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በራሱ አመልካች ጣት ሥር ዙሪያውን መስመር አሰመረ። እናቲቱ እጁን በግራ እጇ ስባ፣ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሰው ወዲያና ወዲህ ገላብጣ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ መሀል ጣቱ ላይ ነጥብ አደረገችና ቀና ብላ አየችው። ይሄስ?

ሐኪሙ ወደ ካሜራው ዞረ። «ገብቼ ካላየሁ አላውቅም በያት። ደህና ከሆነ አልነካውም። ከሞተ እሱም ይሄዳል።»

ንድፍ ሠሪዋ እጇን አንስታ ቆመች። «አይነካውም» ብትላት በቀላሉ ያልቅ ነበር። እናቷ ሌላ አስተርጓሚ የላትም፤ ማንም አያውቅም።  ከዚያ ያለውን እንዳለው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት።

 የእናቲቱ ግራ እጅ ጭኗ ላይ ተኝቶ ጣቶቹ ብቻ ይንቀሳቀሱ ነበር፣ ሰው ለራሱ ሲያጉረመርም እንደሚያደርገው። የልጇን ስም የምትጠራው የቀኝ እጇን አመልካችና መሀል ጣት ጉንጯ ላይ መታ መታ በማድረግ ነው። አሁን ሁለቱ ቢሄዱ በሚቀሯት፣ በትንሿና በቀለበት ጣት፣ በግራው እጅ ሞከረችው። ደግማ ሞከረችው። ጉንጯ ላይ ጭረት ጭረት ሆነባት።

«እንዲህ ሲሆን ድመት ነው» አለች።

«አዎ፣ ድመት ነው።»

«እንግዲህ ድመት ልልሽ ነዋ።»

ንድፍ ሠሪዋ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። የጥርስ ሐኪሟ ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራት ሳቀች።

«ያ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው ሽማግሌ ማነው?» አለች እናቷ።

«ጎረቤቴ ናቸው። ስልክ ይዘውልኝ ነው።»

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ይመታቸዋል።»

«ከገቡ አንቺ ትጠፊብኛለሽ።»

እናቲቱ ይህን አሰበችበት። «እንግዲያው ኮፍያ ስጪያቸው» አለች።

ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። እናቲቱም አየችው። ግራ እጇን ከፍ አድርጋ፣ ሁለት ጣቶቿን ከፍታ ገጠመች። አገጯን ዝቅ አደረገች። መዳፏን ሳትገለብጥ እንደዘረጋች አቆየችው፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ማንም እንዳይሳሳት።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ንገሪው።»

«እሺ ብላለች ዶክተር» አለች ንድፍ ሠሪዋ። «ሙሉውን አይቻለሁ።»

አልጋው ተገፍቶ ወጣ። ጩጬ ኮምፒውተሩን ወንበር ላይ ስላስቀመጠው የሚታየው ባዶ ግድግዳና የመስኮት ጥግ ብቻ ነበር፤ ሆኖም ማንም ጥሪውን ለመዝጋት አልደፈረም። ሽቦም ስልኩን አልዘጋም፤ አልፎ አልፎ ሲያስል ይሰማል።

«አሁን እጄን ላግባው?» አሉ ጋሽ ክላክስ። ረስተዋቸው ኖሯል። የጥርስ ሐኪሟ ክንዳቸውን በፎጣ ጠቀለለችላቸው፤ እሳቸውም ተቆጥተው ሲያበቁ ተቀበሏት።

መጠበቁ ከሁሉ የከፋ ነበር። ቅድም ቢያንስ የሚሰካ፣ የሚነቀል ነገር፣ የሚለመን ሰው ነበር። አሁን ምንም የለም። ንድፍ ሠሪዋ ለእናቷ ካስተላለፈችው ቃል አንዱን ይዛ ትጨነቃለች፦ ከሞተ እሱም ይሄዳል። አልዋሸቻትም፤ ግን እናቷ እሺ ያለችው የሐኪሙን ቃል በእሷ እጅ ሰምታ ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር በዚህ ዓይኗ ተመልሳ እንዴት ታያታለች?

ጩጬ ተመልሶ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል። «እቴ፣ ስትነቃ አጠገቧ ያለሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጣት እንዴት ነው የሚባለው? እጅስ? አሳዪኝ።»

አሳየችው። ተሳሳተ። ምስሉ ደርቆ እስኪመለስ ጠብቃ ደግማ አሳየችው። «አውራ ጣትህን አጥፈው፤ እንዲህ ካደረግከው በግ ነው።» ያማል፣ አበቃ፣ እዚህ ነኝ፣ አልሄድም። ወፍራም ጣቶቹ እምቢ እያሉት፣ በላብ ተጠምቆ ያጠና ነበር። ጋሽ ክላክስም ከኋላ ሆነው፣ ማንም የሚያያቸው ሳይመስላቸው፣ በፎጣው ውስጥ «አልሄድም» የሚለውን ይሞክሩ ነበር።

ነርሷ ስትገባ ማንም አልሰማትም። ቀጥሎ ቀዶ ሐኪሙ ገባ፤ ጣቱ ላይ ያሰመረው መስመር ታጥቦ ደብዝዞ ይታያል። «አመልካች ጣቷ ሄዷል» አለ። «መሀል ጣቷን ከፍተን አጥበነዋል፤ ተርፏል። ምናልባት እንደ ቀድሞ አይታጠፍላት ይሆናል። ለነገ ብናሳድረው ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምነግራችሁ።»

ንድፍ ሠሪዋ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። የጥርስ ሐኪሟ ትከሻዋን ያዘቻት። ጋሽ ክላክስ «ተመስገን» ብለው ስልኩን ለጥርስ ሐኪሟ መለሱና፣ ማባዣዋን በተመለከተ አንድ ሰው ነገ ጠዋት በራቸውን እንዲያንኳኳ አዘው ወረዱ። የጥርስ ሐኪሟ ባል በማግስቱ ሄዶ አንኳኩቷል፤ ብዙ ቆይቶ ነው የወጣው። ፓስወርዱን ግን ጋሽ ክላክስ ዳግም አላነሱትም፤ አልለወጡትምም።

ውሃው ጎድሎ ድልድዩ ሲከፈት ንድፍ ሠሪዋ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈረች። መንገዱ ገና አልደረቀም ነበር፤ ከአውቶቡስ ወርዳ እስከ እናቷ ቤት ያለውን ጉዞ ጭቃ እየረገጠች ጨረሰችው። ስትገባ እናቷ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተለያት ጩጬ ሳህን ይዞ አጠገቧ ነው። እናቲቱ እንዳየቻት ፊቷ በራ፤ ሁለቱንም እጆቿን፣ የታሰረውንም ጭምር፣ አንስታ መናገር ጀመረች።

ንድፍ ሠሪዋ በሩ ላይ ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ እስትንፋሷ የምታውቀው ቋንቋ አልገባትም። የቀኙ ቃላት ወደ ግራ ዞረዋል፤ አንዳንዱ ምልክት አጥሯል፣ አንዳንዱ ጨርሶ አዲስ ነው። እናቷ ደገመችላት። አሁንም አልገባትም። 

«ምን አለች?» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ።

ጩጬ ሳህኑን አስቀመጠ። እናቱን አንዴ አይቶ ሳቀ።

«ጫማሽን አውልቂ፣ ቤቱን ጭቃ አደረግሽው ነው የምትልሽ» አለ።